ከማጠፊያው ጠረጴዛ ፊት ቆመው የኖሩት የእትዬ መስመር ታሪክ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው፣ እናታቸው «ይቺን ልጅ ወንበር ይቆረቁራታል» ይሉ ነበር። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል።

በ1965 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። እንፋሎት በማይለየው በዚያ ምድር ቤት አንሶላና ፎጣ ከማጠፍ ተነስተው የክፍሉ ኃላፊ ለመሆን በቅተዋል። ያጠፉት ፎጣ ጠርዙ ከጠርዙ ዝንፍ ስለማይል ባልደረቦቻቸው «እትዬ መስመር» አሏቸው፤ ስሙም ሰፈር ድረስ ተከትሏቸው መጣ። በ1969 ዓ.ም. የሆቴሉን ሾፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ልጆቻቸው ያጠፉትን ልብስ ግን ፈተው እንደገና ሳያጥፉት አንድም ቀን አስቀምጠው አያውቁም።

ባለቤታቸውን በሞት ካጡ ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለልጆቻቸው «ከወንበር ተነስቶ መቆም ለእሳቸው፣ እኛ ፎቅ እንደምንወጣው ያህል ነው፤ ቶሎ ይደክማቸዋል። እያረፉ ይሥሩ እንጂ አታስቀምጧቸው» ብላ ነበር። ልጆቻቸው ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ይደክማቸዋል» የሚለውን ብቻ ሆነ። ጠብ እርግፍ ብለው ያገለግሏቸው ጀመር፤ ውሃ እንኳ ተነስተው እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም።

እሳቸው ግን የቤቱን ልብስ ማጠፍ አልተውም አሉ። ወገባቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ ጨርቁን በደካማው ክንዳቸው ተጭነው በግራ እጃቸው ያጥፋሉ። ላብ ሲያጠምቃቸው ይቀመጣሉ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ ይነሳሉ። በዚህ ሁኔታ እግራቸው እየበረታ ሄዶ፣ ያለ ደጋፊ የግቢው በር ድረስ መውጣት ጀምረው ነበር።

ያጠፉት ልብስ ግን ጠማማ ነበር። በእናቷ የወጣችው ትልቋ ልጃቸው ዓይኗ አልችል ብሎ፣ እሳቸው ጋደም ሲሉ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ልብሱን እየፈታች እንደገና ታጥፍ ነበር። አንድ ቀን እናታችን ፎጣ ሊያወጡ ከፍተው ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ አዩት። አልተቆጡም። «ጎበዝ፣ እጅሽ ቀንቷል። በይ ከእንግዲህ አንቺው እጠፊው» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ቢለመኑ፣ ቢለመኑ «ደከመኝ» ከማለት በቀር ወደ ጠረጴዛው አልተመለሱም። እግራቸው ደረቀ፤ መጀመሪያ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ቀጥሎም አልጋ ያዙ። በመጨረሻ ባደረባቸው የሳንባ ምች ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ይህ እንዲህ በግልጽ እንዲነበብ የጠየቀችው ትልቋ ልጃቸው ናት፤ ቤቱ የታመመ ሰው ያለበት ሁሉ እንዲሰማው ብላ።

እናታችን ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንዲት ታናሽ እህት ትተው አልፈዋል። ልጆቻቸው ሊያሳርፏቸው ቸኩለው ነበር፤ አሁን እንኳ ፈጣሪ በእውነት ያሳርፍልን።