የኅዳር ተራሽ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔና ልጃችን ሊያ ካንቺ ናፍቆትና ከሐሳብ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን በኔ እጅ ጽሑፍ ስታዪ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። ሳቅሽን ከሰማሁ ቆየሁ።

ከመስቀል ወዲህ ስልክሽ አይጠራም። መጀመሪያ ካርድ አልቆባት ነው አልኩ፤ ቀጥሎ አሠሪዋ ቀምታት ነው አልኩ፤ ከዚያ የቤሩትን ጦርነት በቴሌቪዥን ሳይ ማሰቡን ተውኩት። ውሸቴን ነው፣ አልተውኩትም። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችው ሱቄ ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ስጠግን እውላለሁ፤ የጠገንኩት ሁሉ ይጮሃል፣ የኔው ዝም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ያለ ጉዳይ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ወርጄ እመለሳለሁ። ሊያ ከሳህ ትለኛለች፤ ጨጓራዬ ነው እላታለሁ። ማኪያቶም ትቻለሁ፤ ወተቱ አልተስማማኝም።

ይህን የምጽፈው ጎረቤታችን ረይሀና ፈቃዷን ጨርሳ ነገ ቤሩት ወዳለው ሥራዋ ስለምትመለስ ነው። የአሠሪዎችሽን አድራሻ ሰጥቻታለሁ። በሩ ካልተከፈተልኝ የሠፈሩን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ ብላ በአላህ ምላልኛለች።

አሁን ጉዴን ልንገርሽ። የማርያም ማኅበርሽ ተራ ደረሰ። ሠፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ማኅበርተኞቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ ቢሆንም ወር በገባ በሃያ አንድ እየተሰበሰቡ ጽዋውን ይቀባበላሉ። የማኅበሩ ሙሴ እትዬ ዓለምጸሃይ ደውለው፣ እስክትመለሺ ድረስ የኅዳርን ተራ ሌላ ሰው ይያዘው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ክፉ አስበው አልነበረም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ተራሽን ለሌላ መስጠት የለሽም ማለት መሰለኝ። እኔ እደግሳለሁ አልኳቸው።

አንቺ ስትደግሺ እኔ ውቤ በረሃ ከጓደኞቼ ጋር ነበር የማመሸው፤ ምን እንደሚቀርብ በምን ልወቅ? እንዳላሳፍርሽ ብዬ ከምግብ ቤት በትልቅ ድስት ዶሮ ወጥ አሠራሁ። ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፣ በነቢያት ጾም! ለኔ ጾም ማለት ሁዳዴ ብቻ ነበር። እትዬ ዓለምጸሃይ ክዳኑን ከፈት አድርገው አዩና መልሰው ከደኑት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደግነቱ ዳቦና ጠላ ነበረ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ጸሎት ጀመሩ። በባዕድ አገር ላለችው እህታችን እንጸልይ አሉና ወደኔ ዞረው የክርስትና ስምሽን ጠየቁኝ።

አላውቀውም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ኖረን፣ ልጅ ወልደን፣ እግዚአብሔር ፊት የምትጠሪበትን ስም አላውቀውም። ሴቶቹም ሳቃቸውን ተዉት። እትዬ ዓለምጸሃይ ቀስ ብለው ስምሽን ተናገሩ፤ ሌሎቹም አብረው ደገሙት፣ ሁሉም ያውቁታል። ከዚያ ጽዋውን እጄ ላይ አደረጉና «ልጄ፣ ስሟን እየጠራህ ያዘው። እስክትመጣ ያንተ እጅ የሷ እጅ ነው» አሉኝ። ያዝኩት። አለቀስኩ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ስምሽን ጠርቼ ለታኅሣሥ ተረኛ አሳለፍኩት።

ዶሮውን ምግብ ቤቱ መልሼ አልወስድም አለ። ረይሀናም የክርስቲያን እርድ አትበላ። በሱቆቹ ዞሬ ለማይጾሙት አደልኩት። እኔ አልቀመስኩትም፤ ያው ጨጓራዬ።

ጧት ጧት ወደ ሱቅ ስሄድ በጊዮርጊስ በኩል ነው የማልፈው። መንገዱን ያረዝመዋል፣ ግን እግሬን ማፍታታት ለምጃለሁ። ደጁ ላይ ቆም እልና ስምሽን እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልችልም። እግዚአብሔር ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም፤ ሐሳቡም አልለቀቀኝም። ነገር ግን ያንን ሳልል ሱቄን የምከፍትበት ጉልበት የለኝም።

ደብዳቤው ከደረሰሽ በረይሀና ስልክ አንድ ቃል በይኝ። ብትቆጪኝም ደስ ይለኛል። ሊያ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ፀጉሯን እኔ ነኝ የምሠራላት፣ እንዴት እንደሚያምርባት ባላወራ ይሻላል። እመቤታችን ከክፉ ነገር ሁሉ ትከልልሽ፤ በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ፤ በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ። ለሚመጣው ኅዳር አንቺ ትደግሻለሽ፣ እኔ ድስት አጥባለሁ።

ሁልጊዜም የሚጠብቅሽ፣
ባልሽ

እዚህ ላይ ላብቃ። ሱቅ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ሽሮው ከቀትር ጀምሮ ተከድኖ አጠገቤ ተቀምጧል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አሁን ልብላ።