የገና አባትን በድምፅ ማጉያ ለሸኙልን ለክቡር ካፒታን

ለተከበሩ ካፒታን ሄርሞሄነስ ቡዌናፍሎር
የካምያሳን ቀበሌ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎ ጤና፣ እንዲሁም ለድምፅ ማጉያዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የማጉያው ጤንነት እንኳ የሚያሳስብ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ጥርት ብሎ መሰማቱን ዘመዶቼ አረጋግጠውልኛል። እኔ ሬመድዮስ ታላምፓስ እባላለሁ፤ በገና ሰሞን ከንጋቱ ቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሩዝ ቂጣ የምሸጠው ሴት ነኝ። ቂጣዬን ያውቁታል፤ ባለፉ ቁጥር ይቀምሱታል። ይህን በአደባባይ የምጽፈው እርስዎም በአደባባይ ስለተናገሩ ነው፤ ብድር በምድር ይባል የለ።

እንደሚያውቁት በሰፈራችን የገና አባትን በሕይወት የምናቆየው ተባብረን ነው። የጭስ መውጫ የሚባል ነገር ስለሌለን በመስኮት ይገባል ብለን ለልጆቹ ነግረናቸዋል፤ ካልሲያቸውንም የመስኮቱ ብረት ላይ እንሰቅላለን። ጎረቤቴ ቴሮይ በየዓመቱ በዋዜማው ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ወጥቶ፣ የገና አባት ደወል እንዲመስል በሽቦ የሰካቸውን የጠርሙስ ክዳኖች ያንሿሿል። አምና ጣሪያው ተበስቶ አንድ እግሩ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲቀር እንኳ፣ ምስኪኑ ሰው ትንፍሽ አላለም። የገና አባት ነጠላ ጫማ እንደሚጫማ ልጆቹ ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ሰኞ ጠዋት የቀበሌው መኪና በየመንገዱ እየዞረ እንዲህ ብሎ አወጀ፦ "ወላጆች ሆይ! ክቡር ካፒታን ያዘጋጁላችሁን ስጦታ ከቢሮ ወስዳችሁ፣ ልጆቻችሁ ሲተኙ ካልሲያቸው ውስጥ ክተቱላቸው! የገና አባት ያመጣው ይምሰላቸው!" ምስጢሩን ለወላጆች ብቻ ለመንገር መጠንቀቅዎን አደንቃለሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዚያ ሰዓት ከቅዳሴ ወጥቶ መንገድ ላይ ቂጣ እየበላ መሆኑ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። መኪናው ሦስት ጊዜ መዞሩም ምናልባት ያልሰማ ሕፃን ቢኖር ተብሎ ይሆናል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ተረት ለተራ ሰው እንጂ ለሹም እንዳልተነገረ አሁን ገብቶኛል።

ሁለተኛ፤ በስጦታው ከረጢት ሁሉ ላይ ፎቶዎ ታትሟል። ፈገግታዎ ያማረ ነው፤ መንጋጋዎ ድረስ ይታያል። የቴሮይ ትንሹ ልጅ ከረጢቱን ሲያይ ለምን እንዳለቀሰ እስካሁን አልታወቀም።

ሦስተኛ፤ የመጣሁበት ጉዳይ ይህ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ጆናሊን፣ ከገና በፊት ያሉትን ዘጠኝ የንጋት ቅዳሴዎች አንድም ሳያጓድል ያስቀደሰ ምኞቱ እንደሚሞላለት ከማንም በላይ ታምናለች፤ ምኞቱን ለሰው ካልተናገረ ነው ታዲያ። እስከ ሰኞ ድረስ ሰባቱን ንጋት በጨለማ እየተነሳች፣ ትከሻዬ ላይ እያንቀላፋች አስቀድሳለች። የእርስዎን አዋጅ እንደሰማች ግን ቂጣዋን አስቀመጠችና "እማዬ፣ ሁሉንም የሚሰጡት ካፒታን ከሆኑ እኔ በሌሊት የምነሳው ለምንድን ነው? ቢሯቸው በቀን ክፍት አይደል እንዴ? ነገ አልነሳም!" አለችኝ። ብለማመጣትም እምቢ አለች። የዚህ ዓለም ነገር ነገ ከነገ ወዲያ በራሱ ጊዜ ይገለጥላታል፤ ይህቺን አንድ ዓመት እንኳ ቢተዉላት ምን ነበረበት ብዬ አንጀቴ አረረ። ይህን ስል አላሾፍኩም።

ከሰዓት በኋላ እጄን እየጎተተች ቢሮዎ ይዛኝ መጣች። ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የተባባልነውን ልድገመው።

"ካፒታን፣ የገና አባት እርስዎ ነዎት?" አለችዎ።

"ታዲያስ ሚጣዬ! ከእኔ ሌላ ማን አለ? ምን ልስጥሽ? አሻንጉሊት?"

"ድልድይ።"

"ምን?"

"ድልድይ። ወንዙ ሲሞላ ጫማችንን ጭንቅላታችን ላይ አድርገን ትምህርት ቤት እንዳንሄድ። ያንን በምርጫው ጊዜ እሠራለሁ ያሉትን።"

እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉ። ጸሐፊዎን አዩ፤ ጸሐፊዎ ኮርኒሱን አየች። ከዚያም "ውይ ሚጣዬ፣ እሱማ ከእኔ አቅም በላይ ነው። እሱ ተአምር ይፈልጋል" አሏት።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኔ እናቷ ቀኑን ሙሉ ያልቻልኩትን እርስዎ በአንድ ቃል ፈጸሙት። ልጄ ከቢሮዎ በር ጀምሮ እየዘለለች፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ "እማዬ፣ ካፒታን ውሸታቸውን ነው! የገና አባት እሳቸው አይደሉም! ምንም አይችሉም እኮ!" እያለች ቤት ገባች። በማግስቱ ከእኔ ቀድማ ተነስታ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት። "ምኞትሽን ተናገርሽው እኮ" ብላት፣ "ለካፒታን የተነገረ አይቆጠርም፤ እሳቸው አይሰሙም" ብላኝ ጫማዋን ማሰር ቀጠለች። ዘጠኙንም ጨርሳለች። ደስታዬን በምን ቃል ልግለጽልዎ?

የድምፅዎን ከፍታ ያደነቅሁ፣ በአቅምዎ ማነስ የተጽናናሁ፣ ለመጪው ምርጫ ከወዲሁ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ያለኝ፣ ትሑት ጎረቤትዎ

ሬመድዮስ ታላምፓስ

ማስታወሻ፦ ጆናሊን ወሬውን ስለነዛችው በመጨረሻው ንጋት የሰፈሩ ልጆች በሙሉ የተመኙት ያንኑ ድልድይ ነው። እንግዲህ ድንገት ልብዎ ተነሳስቶ ቢሠሩት፣ ፎቶዎን ለመለጠፍ አይድከሙ፤ የገና አባት ሠራው እንላቸዋለን። ካፒታን ሠሩት ብንላቸው ማን ያምነናል?