የአባባ የኋላ ጎማ

ሰኞ

«እሳቸው እኮ ያለ ብስክሌት አንድ እርምጃ አይሄዱም!» አለች ጎረቤታችን በአጥሩ ማዶ። ስለ አባባ ነው። ልብስ እያሰጣሁ ሰማኋት፤ ኮራሁ። አባቴ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ለፋሲካ የገዛሁላቸው ከዘራ ከበር ኋላ ተሰቅሏል። «ይኼ የሽማግሌ ነው፤ ለምታውቂው ሽማግሌ ስጭው» ብለውኛል።

ከሰዓት ብስክሌቱን ሳጥብ የኋላ ጎማው ጎኑ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። የውስጡ ክር ይታያል። የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ሊገነጠል የደረሰ ነገር ሳይ አውቃለሁ። ባጃጅ መሀል ቢፈነዳስ?

ማክሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ሙላት ዘንድ ሄድሁ። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ዘንባባ ሥር ብስክሌት ይጠግናል። ገልብጦ አቆመውና ጎማውን አሽከረከረ። ቸርኬው፣ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት፣ ይወላገዳል።

«ጎማውም ቸርኬውም ይቀየር» አለ። ከዚያ ጎማውን ዳሰሰና ግራ ገባው። «ጥርሱ እኮ አላለቀም! ፀሐይ ነው የገደለው እንጂ መንገድ አይደለም። ያለቀው የመሪው ግራ መያዣ ነው።»

«አባባ ቀስ ብለው ነው የሚነዱ» አልሁት።

እውነቱን ልጻፍ። «ዕቃው ጠፍቷል በላቸው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብስክሌቱ ከቆመ አባባ ቤት ይውላሉ፤ እኔም ስልክ በጮኸ ቁጥር አልደነግጥም።

ብስክሌቱን እዚያው ትቼ ቤት ስገባ አባባ በረንዳው ላይ ናቸው። ጠዋት እንደተውኋቸው። ሐይቁ ዳር ባለታንኳው ወዳጃቸው ሲጠብቃቸው መዋሉን ነገሩኝ። «ለነገ ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልሁ።

ረቡዕ

ተቀየረ። እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አጠገቡ ቆሜ መዘገብሁ፦

አዲሱ ጎማ ቁጥሩ ከአሮጌው አንድ ነው።
ጥቂት ተነፋ፤ ዙሪያውን እኩል መግባቱ ታየ፤ ከዚያ ተሞላ።
የግራና የቀኙ ብሎን በየተራ ጠበቀ።
ፍሬን ሲያዝ ቆመ፤ ሲለቀቅ አልታከከም።

«አንች፣ ደብተር ላይ ልታስፈርሚኝ ነው?» አለ ሙላት። በመጨረሻ «እግራቸው መሬት እንዲደርስ ኮርቻውንም ዝቅ ላርግላቸው» ብሎ ቁልፍ አነሣ። ይኼኔ ሁለት ደንበኞች ከበቡት፤ ጮኹበት። እኔም እየገፋሁ ወደ ቤት።

አባባ ወዲያው ይዘውት ወጡ። ግቢ ውስጥ መፈናጠጥ አይወዱም፤ ከበር ውጭ ነው የምወጣበት ይላሉ።

ሐሙስ

«እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው። ዛሬ አንድ ባጃጅ ቀደምሁ። ለትራፊክ እንዳትነግሪ» አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኬን አላየሁም። ድል ነው።

ቅዳሜ

ሙላት በጠዋት ደወለ። «እቴ፣ አባትሽ ደህና ናቸው? ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ ብሎኑን ማጥበቅ ረስቻለሁ! ገና ሲቀመጡበት ነው የሚጥላቸው!»

ደህና ናቸው። ቁርስ እየበሉ ነው። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም ሐይቁ ዳር ደርሰው መጥተዋል።

ወደ ብስክሌቱ ሮጥሁ። ኮርቻውን በአንድ ጣት ነካሁት፤ ዞረና ቁልቁል ሰመጠ። ጥቂት ቆሜ አየሁት። ከዚያ ቁልፍ ፈልጌ አጠበቅሁት።

«ምን ሆነ?» አሉኝ ከበረንዳው።

«ምንም አልሆነም፣ አባባ።»

እጃቸውን ታጥበው መጡ። ግራ መያዣውን ጨበጡ፤ ክብደታቸውን ጣል አደረጉበት፤ እየገፉ ወጡ። በሩ ላይ ቆሜ እስከ መታጠፊያው በዓይኔ ሸኘኋቸው።

አልወጡበትም።