በዘሀራ ላይ የተፈረመው ውል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ከሰዓት

ዛሬም ባዶ እጃችንን ተመለስን። ስማ አንተ ደብተር፤ በእኔ ልጅ ጉዳይ ሁለት መንግሥት ተዋውሏል፣ ውሉን የሚያሳየኝ ሰው ግን ጠፋ። ሠራተኛና ማኅበራዊ ጽ/ቤት ያለው ጎረምሳ ኢንተርኔት ላይ አለ ይላል። አብራኝ ያለችው ለተ በስልኳ ፈለገች፤ አይከፍትም። ሌላው አ.አ. ሂዱ ይላል። ሦስተኛዋ ደግሞ የመንግሥት ውል ነው፣ ለግለሰብ አይሰጥም ብላ ወደ ሻይዋ ዞረች። ልጅቷስ የማን ናት?

አንተ አታውቅም፣ ልንገርህ። ዘሀራ ልጄ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። በሕጋዊ መንገድ ነው የሄደችው፣ ፈርማ። ጊዜዋን ጨረሰች። አሠሪው ፓስፖርቷን ይዞ አለቅም አለ። ወገቧን ያማታል። ለተ የአከራዬ ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች። የምለውን የምትጽፈው እሷ ናት። እኔ ሰዒድ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ከወሎ መጥቼ እዚህ ትግራይ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ጫማ ስሸጥ ያረጀሁት በዓይኔና በአፌ ነው።

ለተ፣ እንዳልኩት ጻፊ። አታሳምሪው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ተገኘ። የለተ የድሮ መምህር ፎቶ አንስቶ ላከላት። ጠዋት ተቀምጠን እስከ ዙህር ሶላት አነበበችልኝ።

ደሜ ፈላ። ፓስፖርት በሠራተኛዋ እጅ እንዲቆይ ሁለቱ ወገኖች «ይጥራሉ» ይላል። ይጥራሉ! ምን ማለት ነው ብላት፣ ግዴታ ነው አቦይ፣ ግን የላላ ግዴታ ነው፣ መሞከር እንጂ ማድረግ አይደለም ትለኛለች። ጫማ የሚገዛ ሰው ለመክፈል እጥራለሁ ቢለኝ ጫማውን አስሬ እሰጠዋለሁ?

ሌላም አለ። ውሉ በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ሦስቱ ካልገጠሙ የእንግሊዝኛው ይጸናል ይላል። ሐበሻና ዓረብ ሲጣሉ እንግሊዝ ምን ቤት ነው? ለተ ሳቀች። ልማድ ነው፣ ለማንም እንዳያዳላ ነው አለች። ትሳቅ። እኔ አልሳቅኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

መጨረሻው ላይ አንድ የሚረባ ነገር አገኘሁ። በውሉ ላይ ክርክር ቢነሳ በስምምነት ይፈታል። ይኼንን አውቀዋለሁ! ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የገበያ ጎረቤት ያስታረቅሁ ሰው ነኝ።

ለተ አይሆንም አለች። ይኼ የመንግሥታቱ ነው፤ አምባሳደሮቹ ናቸው የሚነጋገሩት። ፓስፖርት የተወሰደበት አምባሳደሩ ነው ወይ አልኳት። ባለጉዳይ የሌለበት እርቅ የት ታየ? እንዲህ ተብሎ አይተረጎምም አቦይ አለች። እኔ ተረጎምኩት። ዓርብ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፤ ከጁምዓ በኋላ

ተቀመጥን። ሐጂ ይማም፣ የመን ኖሮ ስለመጣ ዓረብኛ ያውቃል። አቦይ ገብረ ጎረቤቴ፣ የድሮ ሹፌር። ስልኩን በርጩማ ላይ አደረግን፣ ድምፁን ለቀቅን።

አሠሪው አነሳ። ሐጂ ሰላምታ ጀመረ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ዝናቡ። ሰውየው ምን ልትሸጡልኝ ነው አለ! አቦይ ገብረ ጆሮው ደከም ስላለ ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋል፤ «ንገሮ! ሽማግለታት ኢና በሎ!» ብሎ በትግርኛ ጮኸበት። ሽማግሌዎች ነን በለው ማለቱ ነው።

ሰውየው አልተቆጣም። ጨዋ ነው፤ ያናደደኝም ይኼ ጨዋነቱ ነው። ዘሀራ ጥሩ ልጅ ናት፣ እናቴ ለምዳታለች አለ። ምትክ ላኩና በዚያው ሳምንት ፓስፖርቷን ይዛ ትመጣለች አለ። ምትክ! እኔ በዕድሜዬ ምትክ የሰጠሁት ሶሉ ለተላቀቀ ጫማ ነው።

ሐጂ ከዚያ ወዲያ አልተረጎመልኝም። የመለስኩትንም ስድብ ለሰውየው አላደረሰለትም። ለዚህ ደብተርም አይሆንም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ለተ ሁለት ቀን ወረቀቱ ላይ ተደፍታ ከረመች። ምትክ የሚል ነገር አለ አለች፣ ከውሉ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ። ግን ሠራተኛዋ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ጥላ ስትወጣ ነው፣ እሱንም የሚተካው የላካት ኤጀንሲ ነው። ዘሀራ ጨርሳለች። ሰውየው መብት የለውም። እንኳን ደስ ያለህ በለኝ ደብተር፤ ረታሁ። ልጄ ግን እዚያው ናት።

እዚያ ያለው ኤምባሲያችን ለተ ለጻፈችለት ደብዳቤ መልሷል። የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ይታያል ይላል። መቼ ይሰበሰባል? እሱ አልተጻፈም።

ማታ ዘሀራ ድምፅ ላከች። አሠሪው ምትክ የሚለውን ነግሯታል። «አባ፣ ፈቅዳ የምትመጣ ካለች ላካት። ደከመኝ» አለች። እሷ ቅሬታ የማታውቅ ልጅ።

ምንም አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26፤ ጠዋት

ለተ ዛሬ ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው። እኔ ልሂድ አለች።

ይኼንንም ጻፊ። አንገትሽን አትድፊ፣ ጻፊ።

ሥራ የለኝም፣ እናቴንም ሰልችቻታለሁ፣ መሄዴ አይቀርም፣ ከሄድኩ ዘሀራ አገሯ ትግባ አለች። ደግሞም ውሉን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ እኔን አይደፍሩኝም አለች። ጓለይ፣ ልጄ፣ ያ ሰውዬ ፓስፖርቱን የያዘው ማንበብ ስላቃተው ነው ወይ? ተቆጣች። የአንተን ልጅ ነው የማመጣልህ፣ ምን አገባህ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ አለችኝ። እውነቷን ነው። ትልቅ ሰው ናት። ሰውየው ፈቅዷል፣ ዘሀራ ለምናለች፣ ይቺ ደግሞ ሻንጣ ልትሸክፍ ነው። የሚከለክል እኔ ብቻ ቀረሁ።

ከለከልኩ። ብዕሯን አስቀምጣ ነበር፤ አንሺ ብያት አነሳች። ጻፊ፦ ሰዒድ ልጁን በሰው ልጅ አይለውጥም። በፈቃዷ ቢሆንም አይለውጥም።

ሰኞ ከሐጂና ከአቦይ ገብረ ጋር አ.አ. እንወርዳለን። ለተ ወረቀቱን ይዛ አብራን ናት፤ እናቷን ራሴ አናግሬያለሁ። ውሉን የፈረመው መ/ቤት በር ላይ እንቀመጣለን። በስምምነት ይፈታል ያሉት እነሱ ናቸው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቀን እስኪነገረን አንነሳም። ጥበቃው ገፍትሮ ያንሳን።

አሁን የቀረው ለዘሀራ መንገር ነው። መምጫ ነበረሽ፣ እኔ አባትሽ ዘጋሁት ማለት። ሐጂ እኔ ልንገርልህ ብሎኛል፤ አልፈለግሁም። ትስደበኝ፣ ታልቅስ፣ ከእኔው አፍ ትስማው።

ደውይልኝ ለተ። መጻፉን ተዪው፣ እየጠራ ነው፣ አነሳች፣ ዘሀራ