ቁልፉን ያልለቀቅሁበት አሥራ አንድ ሰከንድ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብሎ ቀና ማለት ያቅትሻል? የአባባ ሳል፣ የእማማ ዓይን እንዴት ነው? እኔ አካሌ ደህና ነው። ሌላውም ደህና ነው ብልሽ ከአጻጻፌ ታውቂብኛለሽ።

እዚህ የበረራ ትምህርት ቤት አብራሪ ለመሆን መሪ መጨበጥ ብቻ አይበቃም። ማማው ላይ ያለችው ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ያዘዘችሽን ቃል በቃል መልሰሽ ትደግሚላታለሽ። ሁላችንም የምንናገረው በአንድ መስመር ስለሆነ፣ አንዱ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ከያዘ የሌላው ድምፅ አይሰማም። ይህ ለኔ ለተብታባው ምን ማለት እንደሆነ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ሱቅ ስላክ እንኳ ቃሉን የምትጨርሺልኝ አንቺ ነበርሽ።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ፣ ፌዘኛው የምንለው፣ ከትምህርት ስንወጣ አልጋው ላይ ይቆምና ድምፁን አቅጥኖ ተቆጣጣሪዋን ሆኖ ያለማምደኝ ነበር። ቃሉ እምቢ ካለህ ቁልፉን ልቀቅና ተንፍስ፣ አየሩን ካባትህ አልወረስከውም እያለ ያስቀኛል። በሱ ብርታት ሦስት ጊዜ ብቻዬን በረርኩ።

አራተኛው ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጧት ነበር። በሰላም አርፌ ገና ስንከባለል ጎማዬ ፈነዳና ማረፊያው መንገድ መሀል ቆምኩ። ከኋላዬ ለማረፍ የሚወርደው ፌዘኛው ነበር። መንገዱ ላይ ቆሜያለሁ ለማለት ቁልፉን ተጫንኩ። «መ... መ...» ብዬ ቀረሁ። ምላሴ ታሰረ፤ ጣቴም ቁልፉን እንደተጫነ ደረቀ። ተቆጣጣሪዋ አታርፍ፣ ወደ ላይ ውጣ እያለች ስትጮህለት መስመሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እሱም አልሰማትም። ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋችው ያየኝ መሬት ሊነካ ሲል ነው። እኔን ላለመግጨት ጠመዘዘና ቦይ ውስጥ ገባ።

አደጋውን ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ የሬዲዮውን ቅጂ አሰሙን። አሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ የኔ «መ... መ...» ብቻ። ተቆጣጣሪዋ አራት ጊዜ ጠርቼው ነበር ብላ አለቀሰች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔ ግን ካፍ ባለመውጣቱ ሰው ሰበረ። ዋናው አስተማሪ እጅህ የአብራሪ እጅ ነበር አሉኝ። «ነበር» ነው ያሉት። ነገ ማደሪያውን ልለቅ ነው።

ፌዘኛውን ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ጉልበቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም ብሏል ሐኪሙ፤ በማይታጠፍ ጉልበት ደግሞ አይበረርም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ። እናቱ ምንም አያውቁም፤ ልጄን ልትጠይቅ ስለመጣህ ተባረክ ብለው ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ። እጄ አይንተባተብምና በማግስቱ ሁሉንም ጽፌ ወሰድኩላቸው። ቆመው አነበቡት፣ አጣጥፈው መለሱልኝ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ አሉኝ። ምን ይበሉ?

ና ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ አባባ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? የት እንደምሄድም አላውቅም።

ለአባባ ሰላም በይልኝ፤ ያሻሽን ንገሪያቸው። እማማ ድምፁን ካልሰማሁ ካለች ስልኩ ተበላሽቷል በያት። ባለቤትሽን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ትንሹ ልጅሽ አሁንም አውሮፕላን ባየ ቁጥር አጎቴ ነው እያለ እጁን ያውለበልባል? ጉንጩን ሳሚልኝና፣ እሱ አይደለም በይው።

ታናሽሽ
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን