እስከ እሁድ የተፈረመው ወረቀት

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አራት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ያሳፍራል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ሳምንት የድርጅታችን የአምስቱም የመዝናኛ ማዕከሎች የበላይ ኃላፊ ልሆን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ሐይቁ ዳር ስመጣ ታንኳ አጣቢ ነበርኩ። ቀዘፋ አስተማሪ፣ ከዚያ የፈረቃ ኃላፊ፣ ከዚያ ምክትልዎ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። "እንግዳ የሚወጣበትን ገመድ ጠዋት መጀመሪያ እኛ እንንጠልጠልበት፤ ሹመት ማለት ይኸው ነው" ይሉ ነበር። እኔን ደግሞ "ጥድፊያ" ይሉኝ ነበር፤ አልተሳሳቱም። ምክትል በሆንኩ በስድስተኛው ወር፣ የገመድ ድልድዩን የዕለት ምርመራ ወረቀት ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብዬ የሰባቱንም ቀን ፈረምኩት።

ሐሙስ ቋጠሮው ለቀቀ። ተማሪዎቿን ይዛ የመጣችው አስተማሪ ወደቀች፤ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እርስዎ ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀሉት። ገና ሐሙስ ነው፣ የእሁዱ ፊርማ ግን አለ። አንዴ አዩኝና አጥፈው ቦርሳዎ ውስጥ ከተቱት። መርማሪዎቹ ሲመጡ "ተራው የእኔ ነበር፤ ሳላየው ቀረሁ" አሉ። ኮሪደሩ ላይ "እትዬ፣ ምን ማድረግዎ ነው?" ብልዎ "ዝም በል፤ አንተ ገና ብዙ ይቀርሃል" አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሰው ሲታዘዝ ዝም ማለት እንዴት ይቀላል!

የሥራ ፈቃድዎን ነጠቁዎት። ከሁለት ወር በኋላ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወንበርዎ ላይ ተቀመጥኩ። ለነገሩ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ወጣኝ፤ ሪፖርቴ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም። የማዕከላችን ታንኳ ጠጋኝ አንድ የገበያ አዳራሽ በር ላይ የሰው ሻንጣ በአደራ እየተቀበሉ እንዳገኘዎት ሲነግረኝ፣ "ደህና ናቸው?" ብዬ ወደ ስብሰባዬ ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት ለሹመቱ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢዋ "ከዚያ አደጋ ምን ተማርክ?" አለችኝ። መልሱን በቃሌ ይዤው ነበር። "የቀድሞዋ ሥራ አስኪያጅ ቸልተኝነት..." ብዬ ጀመርኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

"ቆይ፣ አይደለም" አልኩ። "የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ሰኞ ቁጭ ብዬ እስከ እሁድ ፈርሜ ነበር። እሳቸው የሉበትም።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ስለ ሹመት ያነሳ የለም። አሁን ከሥራ ታግጄ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ታንኳ ጠጋኙ "የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ምን አለበት።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አይደለም የጻፍኩት፤ እሱን ፊትዎ ቆሜ ነው የምለው። በሚቀጥለው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ይደውሉልዎታል። ያልኩት እውነት መሆን አለመሆኑን ይጠይቁዎታል፤ አዎ ካሉ ፈቃድዎ ይመለሳል፣ የእኔ ይነጠቃል። አውቅዎታለሁ፤ "ልጁ ተጨንቆ ነው እንጂ" ሊሉ ነው። እባክዎ እትዬ፣ በሞቴ፣ ዘንድሮስ አይሸፍኑልኝ።

የቀድሞ ምክትልዎ