የላላው ሽብሽብና የሎሳ ሰርግ

ለታናሽ ወንድሜ ለሞሴሴ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ባለቤትህን ሲሲሊያን ሳሉ ለቀቃት ወይ? የኦክላንድ ብርድ አጥንት ይሰብራልና ካልሲ አድርገህ ተኛ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁና ንዴታችሁ ነው የያዘኝ።

ንዴቱን ታውቀዋለህ። ልጅህ ሴሚሲ ደውሎ፣ «አክስቴ፣ በእህቴ በሎሳ ሰርግ አንቺ አረፍ በይ፤ በቦታሽ አክስት ፊናው ትቀመጥ ተብሏል» አለኝ። ማነው ያለው ብዬ ብጠይቀው ወሬውን ወደ ሰርጉ ኬክ ቀየረው። የሙሽራዋ አባት ታላቅ እህት በሕይወት እያለች ታናሺቱ የክብር ምንጣፍ ላይ የምትቀመጠው ከመቼ ወዲህ ነው?

ነገሩ ከዚያ ፎቶ እንደመጣ አላጣሁትም። አምና እናንተ ዘንድ ሳለሁ የጤነኛ አረጋውያንን አንጎል ለሚያጠኑ ሐኪሞች ፈቅጄ የአንጎል ፎቶ ተነሣሁ። ሐኪሟ ያለችው ይህንን ነው፤ የአንጎል ገጽ የተሸበሸበ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳል፣ ሽብሽቡ ይላላል፣ በመካከሉ ያሉት ስርጉዶች ይሰፋሉ፤ በጤነኛ ሰውም ላይ ይመጣል እንጂ በሽታ አይደለም። በመኪናው ይዞኝ የሄደው ሴሚሲ ግን ይህችን የመጨረሻዋን ቃል መኪናው ውስጥ ረስቷት ገባ። ማታ «የአክስቴ አንጎል አለቀ» እያለ ፎቶዬን ማዕድ ላይ አዞረው። በወጋችን የአባታቸው እህት ነኝና ጭንቅላቴን መንካት ነውር የሆነባቸው ልጆች የጭንቅላቴን ፎቶ የአሳማ ጮማ በነካ እጃቸው ተቀባበሉት! አንተም አይተህ ዝም አልክ። ያመመኝ እሱ ነው።

ስም ይጠፋኛል፣ አልክድም፤ ቆይቶ ይመጣልኛል። ደግሞስ እኛ የዛፍ ልጥ ወቅጠን ልብስ የምናወጣ ሰዎች የሳሳ ነገር ሁሉ ተበላሸ እንላለን እንዴ? ሳይሳሳ መች ይሰፋል? ለሎሳ የወቀጥኩት ደጃፌ ላይ ተዘርግቷል፤ ቀለሙንም የቀባሁት እኔው ነኝ።

እንግዲህ ስማኝ። በእኛ ዘንድ ወንድም እህቱን እምቢ አይላትም፤ አንተም ብለኸኝ አታውቅም። ልብሱን ተሸክሜ እመጣለሁ። ምንጣፉ የእኔ ነው፣ እንደ ወጋችን የኬኩም የላይኛው ደርብ የእኔ ነው። ፊናው ቀድማኝ ተቀምጣ ካገኘኋት ጭኗ ላይ ነው የምቀመጠው፤ ክብደቴ እንዳልሳሳ ታውቃለች።

ሲሲሊያን ሳምልኝ። ሎሳን ዓይኗን ሳምልኝ፤ አክስትሽ እየመጣች ነው በላት። ፊናውንም ሰላም በልልኝ፣ እሷ ምን አደረገች። ሴሚሲን ግን እንዲህ በለው፤ ስርጉዱ ሰፍቷል፣ የሰፋ ነገር ብዙ ይይዛል፣ የዚያን ማታ ማዕድ ላይ ከተባለው አንዷንም ቃል አልጣልኳትም። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ የሚቀበለኝ እሱ ይሁን፤ እጁን ታጥቦ።

ታላቅ እህትህ ላቪኒያ
ኔያፉ፣ ቫቫኡ ደሴት
ኦገስት 14 ቀን 2019